ያልተጨረሰው ማጭድ

ወልቂጤ ከምኖርበት ግቢ ጀርባ ጎረቤቴ ቤት ሊሠራ መሠረት ሲያስቆፍር፣ የአንዱ ቆፋሪ ዶማ ከአፈሩ ሥር ብረት ነካ። ዶማ ድንጋይ ሲነካ ድምፁ ድፍን ነው፤ ብረት ከብረት ሲገናኝ ግን ቀጠን ብሎ ይጮህና ጥርስ ሥር ገብቶ ይቆያል። ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ እጄ አረፋ እንደያዘ ቀና አልኩና ለአፍታ ያለሁበትን ዘነጋሁ። ከቡታጅራ በስተምሥራቅ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬደው የበርበሬ ማሳችን፣ የአባቴ ሁለት በሬዎች፣ ዘቢዳር ተራራ ላይ የሚተኛው ደመና፣ ሁሉም አንድ ላይ ተመለሱብኝ።

የበልግ ዝናብ ጠብ ባለ በሳምንቱ አባቴ ሞፈርና ቀንበሩን አውጥቶ ማረስ ይጀምር ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ቤት ወርውሬ፣ እየተገለበጠ የሚሄደውን እርጥብ አፈር ተከትዬ እሄድ ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። የማሳችን የታችኛው ግማሽ ከሰው ሁሉ ማሳ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው፤ ብረት ያበቅል ነበር። ማረሻው በድንገት ሲጮህ አባቴ በሬዎቹን ያቆምና ጎንበስ ብሎ የተገኘውን ያነሣል፤ ከዚያም ምን እንደሆነ እንኳ ሳያይ ከቅንጭብ አጥሩ ማዶ ይወረውረዋል።

«አባ፣ ምንድን ነው?» እለው ነበር።

«ምንም አይደለም። ቆሻሻ ነው፣ ተይው።»

አልተውኩትም። እሱ ወደ ማሳው ጫፍ ራቅ ሲል አጥሩን ዞሬ፣ የወረወረውን ከሣር ውስጥ እየለቀምኩ በቀሚሴ ጫፍ እቋጥር ነበር።

አባቴ ሸምሱ ለምን እንደዚያ ያደርግ እንደነበር ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም፤ በእኛ መንደር እንዲህ ያለውን ነገር ልጅ ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል። እኛ የቀጥቃጭ ዘር ነን። አያቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣ የአያቴም አባት እንደዚያው። መንደሩ የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ ሙስሊሙ ለአረፋ የሚያርድበት ቢላዋ፣ ክርስቲያኑ ለመስቀል ክትፎ የሚከትፍበት ቢላዋ ሁሉ ከእነሱ እጅ የወጣ ሆኖ ሳለ፣ ከእነሱ ጋር ከአንድ ገበታ መብላት፣ ለእነሱ ልጅ መዳር ወይም ከእነሱ ልጅ መውሰድ ነውር ነበር። ሰርግ ቤት ስንሄድ ውኃ የሚሰጡን ከደጅ በሚስማር ላይ በተሰቀለ ጣሳ ነበር። ጣሳው የእኛ መሆኑን ማንም አይናገርም፣ የእኛ መሆኑን የማያውቅም አልነበረም። አባቴ ይህን ሽሽት ገና ጎረምሳ ሳለ የአባቱን መዶሻ አስቀምጦ ገበሬ ሆነ፤ ለፍቶ፣ ታግሎ በበርበሬው ታወቀ፤ ቡታጅራ ገበያ ላይ «የሸምሱ በርበሬ መጥቷል ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ነጋዴዎች ነበሩ። ከመሬት የሚወጣው እያንዳንዱ ብረት ግን ሊያስረሳው የደከመበትን ነገር መልሶ የሚያሳብቅበት ይመስለው ነበር።

አክስቴ ዘምዘም ሌላ ፍጥረት ነበረች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። በልጅነቷ የአያቴን ወናፍ የምትነፋ፣ እሳቱን የምታነድ እሷ ነበረች፤ ከዚያ የተነሣ ቀኝ ክንዷ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የእሳት ፍንጣሪ በነቆጠው ጠባሳ የተሞላ ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። አክስቴ ግን እጅጌዋን ጠቅልላ ገበያ ትወጣ ነበር።

የለቀምኩትን ይዤ የምሮጠው ወደ እሷ ነበር። ጓሮ እንሰቱ ሥር ቁጭ ብላ ብረቱን ትቀበለኝና መጀመሪያ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ትጠርጋለች፤ ከዚያ መዳፏ ላይ ከፍ ዝቅ አድርጋ ትመዝነዋለች፣ በጥፍሯ መታ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ አንዳንዴም ምላሷን ታስነካዋለች። ስሙን ግን ቶሎ አትነግረኝም ነበር።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ቢላዋ ነው?»

«ቢላዋ ከሆነ ጀርባው የታለ? ቢላዋ አንድ ወገኑ ወፍራም ነው። ይኼ በሁለቱም ወገን ቀጥኗል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ጅማት አለው። ዳብሺው።»

እዳብሰዋለሁ፤ ጅማቱ ከዝገቱ ሥር ለጣቴ ይሰማዋል።

«ጦር ነው!»

«ጦር ነው። ዓይን ዝገት ያታልለዋል፣ ጣት ግን አይታለልም።»

እንዲህ እያደረገች ማረሻ ምን ያህል ሲበላ እንደሚጣል፣ የልጓም ብረት በፈረሱ ጥርስ የት ጋ እንደሚሸረሸር፣ የጥይት ቀልሃ ነሐስ ስለሆነ እንደ ብረት ሳይዝግ አረንጓዴ እንደሚሆን አስተማረችኝ። ፋብሪካ የሠራውንና ሰው የቀጠቀጠውን መለየትም ከእሷ ነው የተማርኩት። «ፋብሪካ የሠራው በሁሉም ቦታ እኩል ነው፤ ሰው የሠራው ላይ ግን እጁ የደከመበት ቦታ ይታወቃል» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን እንደ ክንድ የታጠፈ፣ ክብደት ያለው ብረት አመጣሁላት። ጭቃውን ጠርጋ ለረዥም ጊዜ አገላበጠችው። እኔ ለመልሱ ቸኩዬ «ማጭድ ነው» አልኩ።

«ማጭድ ሊሆን ነበር» አለች። «እዪ፣ ሲታጠፍ እዚህ ጋ ተሰነጠቀና ተጣለ። ጥርስ አልወጣለትም። እጀታው ውስጥ የሚገባው ጫፍም ገና አልሾለም።» ከዚያ ወደ ማሳው አሻግራ እያየች፣ «የት አገኘሽው?» አለችኝ።

«ከታች፣ ከግራሩ አጠገብ።»

«በይ ይኼን ለብቻው አስቀምጪው።»

ይህን ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሲሆን፣ የየሰዉ መሬት ተለክቶ በየስሙ የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሰው ሁሉ በየድንበሩ ላይ ይቆም፣ ድንጋይ ይቆጥር፣ የድሮ ክርክር ይቀሰቅስ ጀመር። እኛንም አንድ ጠዋት ዝናቡ እንዳባራ ጋሽ ደሊል መጡብን። አዋሳኛችን ናቸው፤ ሰፊ መሬትና ብዙ ከብት የነበራቸው፣ በሸንጎም ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። እንደ ልማዳቸው ወደ ቤት አልገቡም፤ አባቴን ወደ ደጅ አስጠሩት።

«ሸምሱ፣ የታችኛውን ግማሽ በስሜ ላስመዘግብ ነው። መዶሻውን ትተህ ገበሬ ልሁን ስትል አባቴ ያዋሰህ መሬት ነው።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ደሊል፣ እኔ እንኳ አባቴ የነበረበት ነው ሲባል ነው የማውቀው።»

«የአባትህ ምድጃ ወንዝ ዳር አልነበረም እንዴ? ለመሆኑ ቀጥቃጭ መሬት ነበረው ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም፤ ለሕፃን ልጅ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ረጋ ብለው ነበር። አባቴ አቀረቀረ። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ አንገቱን ከኋላ አየው ነበር፤ ሰው አንገቱ ብቻ እንደዚያ ሲያፍር ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ሰውየው ሲሄዱ አክስቴ ከጓዳ ወጣች።

«እትዬ፣ ተይኝ» አላት አባቴ አፏን ሳትከፍት። «ግማሹ ይበቃናል። እንደ ሰው እየኖርን ነው። አሁን ይህን ነገር ብንቆሰቁስ ሁሉም ዘራችንን ያስታውሳል።»

«ረስተውታል ብለህ ነው?» አለችው ወደ እኔ እየጠቆመች። «ሀያት ሰርግ ቤት ውኃ የምትጠጣው በየትኛው ጣሳ ነው?»

አባቴ ወደ እኔ አየና ፊቱን መለሰ።

«አንተ ከመወለድህ በፊት ምድጃው ግራሩ ሥር ነበር። ወናፉን የነፋሁት እኔ ነኝ። የደሊል አባት ‹እሳታችሁ ሣር ቤቴን ያቃጥላል› ብሎ ቢያስቸግር ምድጃውን ወንዝ ዳር አወረድነው፤ መሬቱን ግን ለማንም አልለቀቅንም። አንተ ካፈርክ ቤትህ ተቀመጥ። ሽማግሌ እኔ እጠራለሁ።»

ሴት፣ ያውም የቀጥቃጭ ልጅ ሽማግሌ ልትጠራ ነው ሲባል የሳቀ ሳቀ፣ የተቆጣም ተቆጣ። አክስቴ ግን ጭቃውን እየረገጠች፣ የእነዚህን ቤት አንኳኩታ ወደ እነዚያ እያለፈች ሳምንት ሙሉ ዞረች። የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ሽማግሌዎች ለመነች፤ ደጅ ላይ ያቆሟት ነበሩ፣ ከደጅ ሆና ነገሯን ጨርሳ ትመለስ ነበር። በመጨረሻ «እሺ፣ ዝናቡ ሲያበቃ» አሏት። እሷም አንድ ነገር ጠየቀች፤ ሸንጎው መስጊዱ ግቢም ሆነ ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚያው ማሳው ላይ እንዲቀመጥ።

መስከረም አልቆ በርበሬው መቅላት ሲጀምር አምስት ሽማግሌዎች መጡ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አባባ ወልዴ ነበሩ፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ግን ሙስሊሙም የሚሰማቸው፣ ቶሎ የማይናገሩ ሰው። ጋሽ ደሊል ከሁለት ጎልማሳ ልጆቻቸው ጋር መጡ። አባቴ ከሁሉም በኋላ መጥቶ ራቅ ብሎ፣ እንደ መንገደኛ ቆመ። አክስቴ ጆንያ አነጠፈች፤ እኔም ያጠራቀምኩትን ብረት ሁሉ ዘረገፍኩት።

«ይኼ ነው ማስረጃው?» አሉ ጋሽ ደሊል። «ይኼን እኮ ቁራሌም አይገዛችሁም!»

ሰዎቹ ሳቁ። አክስቴ አልተናደደችም። «ቁራሌ የሚያየው በኪሎ ነው» አለች። «እኔ በኪሎ አይደለም የማየው።»

አባባ ወልዴ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ሀያት ትንገርዎት» አለች አክስቴ።

እንደዚያ ታደርጋለች ብዬ ፈጽሞ አልጠበቅኩም። ብረቱን ሳየው ግን የማውቀው ነው። «የልጓም ብረት ነው፣ አባባ። እዚህ ጋ የቀጠነው የፈረሱ ጥርስ በልቶት ነው። ለጥገና የመጣ ነው።» ሌላ ሰጡኝ። «ማረሻ ነው። ጫፉ አልቋል። አዲስ ጫፍ ሊቀጠልለት ኖሮ ነው፣ እዚህ ጋ የመዶሻ ምልክት አለ።» ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ትተው እርስ በርስ ተያዩ።

ጋሽ ደሊል ግን ሞኝ አልነበሩም። «ገበሬ ማሳው ውስጥ ማረሻ ይሰበርበታል፣ ማጭድ ይወድቅበታል፣ ፈረስም ይሞትበታል። የእኔም ማሳ ውስጥ ብረት ይገኛል። ታዲያ እኔም ቀጥቃጭ ልሆን ነው?»

ለብቻው ያስቀመጥኩትን ከጆንያው ሥር አወጣሁት። አሁን ማንም አልጠየቀኝም፤ በራሴ ነው የተናገርኩት። «ይኼ ማጭድ ጥርስ የለውም። እጀታም ገብቶበት አያውቅም። ያልተጨረሰ ማጭድ ይዞ አጨዳ የሚወጣ ሰው አለ? ያልተጨረሰ የሚወድቀው የሚሠራበት ቦታ ነው።»

አባባ ወልዴ ማጭዱን ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ጋሽ ደሊል ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ከወንዝ ዳር ለቅማችሁ ያመጣችሁት ቢሆንስ? ብረት እግር የለውም እንጂ ሰው ይሸከመዋል!»

«እውነት ነው፣ ይሸከመዋል» አለች አክስቴ። «ምድጃ ግን አይሸከምም።»

ወደ ግራሩ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች፣ ፊቷን ወደ ዘቢዳር መለሰች፣ ግራሩ በግራ ትከሻዋ በኩል እስኪሆን ድረስ ወደ ጎን ተራመደች፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች። ወናፍ ላይ ተቀምጣ ታየው የነበረውን እየፈለገች መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። «ቢስሚላህ። እዚህ ቆፍሩ። ማረሻ ከሚደርስበት በታች።»

ከቤት ያመጣነው ዶማ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ የሚያነሣው ጠፋ። የጋሽ ደሊል ልጆች ወደ አባታቸው አዩ፣ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሊያዩ ወደ መጡት ጎረምሶች አዩ። አክስቴ ራሷ ልታነሣው ስትል አባቴ ከቆመበት መጥቶ ቀድሟት አነሣው። ጋቢውን ጥሎ መቆፈር ጀመረ። የላዩ አፈር ጥቁር ነበር፤ ጉልበቱ ድረስ ሲደርስ ቀላ፣ እንደ ሸክላም ጠነከረ፤ ከዚያ ከሰል ወጣ፣ ብረት እሳት ውስጥ ሲግል የሚተፋው ጥቁርና አብለጭላጭ ዝቃጭ ወጣ፣ ከዚያም አንድ ወገኑ በእሳት ብርጭቆ እስኪመስል የቀለጠ የሸክላ ቧንቧ ተገኘ።

«የወናፌ አፍ» አለች አክስቴ። ድምጿ እንደዚያ ሲሰበር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክኮ የተቃጠለውን መሬት በመዳፉ ዳበሰው።

አባባ ወልዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጎረምሳ ሆኜ የአባቴን ማረሻ ተሸክሜ እዚህ እመጣ ነበር» አሉ። «አንቺ ትንሽ ልጅ ነበርሽ፣ ዘምዘም። ወናፉ ከአንቺ ይበልጥ ነበር።»

«ካወቁ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

«የጠየቀኝ የለማ» አሉና ወዲያው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ፣ እሱ አይደለም። ለቀጥቃጭ መሰከረ እንዳልባል ፈርቼ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ጋሽ ደሊል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እንግዲህ ቀጥቃጭ ባለመሬት ይሁን ነው የምትሉት?»

አባቴ ከጉድጓዱ ወጣ። እጁ እስከ ክርኑ ቀይ አፈር ነበር።

«አዎ፣ ደሊል» አለ። ጋሽ የሚለውን ያኔ ነው የተወው። «ቀጥቃጭ ነኝ። የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ለአረፋ የምታርድበትን ቢላዋ የሠራው አባቴ ነው፤ ሥጋውን ስትበላ ተጸይፈህ አታውቅም። መሬቱም የእኛ ነው።»

በጋው ላይ ለኪዎቹ ሜትራቸውን ይዘው ሲመጡ ሽማግሌዎቹ ድንበሩን ግራሩን አልፎ አሳዩአቸው። አክስቴ ደብተሩ ላይ የእሷም ስም ካልገባ ብላ ሰዎቹን ግማሽ ቀን አቆመቻቸው፤ ገባ። ጋሽ ደሊል ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሱን፤ እሳቸውን ተከትለው ፊታቸውን ያዞሩብንም ብዙ ነበሩ። በርበሬያችን መሸጡን አላቆመም። አባቴም ከዚያ በኋላ ብረት ወደ አጥር ማዶ ወርውሮ አያውቅም፤ ማረሻው ሲጮህ በሬዎቹን አቁሞ «ሀያት፣ ነይ እዪልኝ» ይለኝ ነበር።

ጣሳው ግን ቦታው ላይ ነበር። በዚያው በጋ የተጠራንበት ሰርግ ቤት ስንደርስ አክስቴ ከሚስማሩ ላይ አወረደችው፣ መሬት ላይ አስቀምጣ በጫማዋ ጠፍጥፋ ረገጠችው፣ ከዚያ ለቤቱ እመቤት «ውኃ ጠምቶኛል» አለቻት። ሴትዮዋ ቆይታ ቆይታ በብርጭቆ አመጣችላት። እኛ ከሄድን በኋላ ብርጭቆውን እንደጣሉት ሰዎች መጥተው ነገሩን።

«ደግ» አለች አክስቴ። «በየሰርጉ እሄዳለሁ። ብርጭቆ እስኪያልቅባቸው።»

እስክትሞት ድረስም ሄደች።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል ይባላል። ሰርግ በአዳራሽ ሆኗል፣ ለሁሉም የሚቀርበው አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ብርጭቆ ነው፤ ማን በየትኛው እንደጠጣ የሚለይ የለም። ያኔ በሚስማር ላይ ተሰቅሎ በዓይን ይታይ የነበረው ነገር ግን ዛሬ ወደ ጆሮ ጠጋ ብሎ ይጠየቃል። ባለፈው ወር አብራኝ የምትኖረውን ታናሽ እህቴን ሰሚራን ለአንድ ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ነበር። የተማሩ፣ አዲስ አበባ ኖረው የተመለሱ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ስለ ጤናው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ልጁ ፀባይ ብዙ ከተጨዋወትን በኋላ አንደኛው ጎንበስ ብለው፣ «አባቶቻችሁ ምን ይሠሩ ነበር?» አሉኝ።

አባቴ ያችን ቃል ከአፉ ለማውጣት መጀመሪያ ጉልበቱ ድረስ መቆፈር ነበረበት። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነው የመለስኩላቸው። «ቀጥቃጭ ነበሩ፣ አባባ። ስኳር ልጨምርልዎ?» አንደኛው ሻያቸውን ጨረሱ፣ ሌላኛው ግማሹን ተዉት፤ «ኢንሻአላህ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። ይመለሱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

በሩን ዘግቼ ስመለስ ልቤ ሞቅ ብሎ ነበር፤ አክስቴ ብትኖር ትኮራብኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ሰሚራ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ነበር።

«ደግመው ከመጡ ግን የምነግራቸው እኔ ነኝ» አለችኝ ቀና ሳትል። «አንቺ ‹ቀጥቃጭ› ስትዪ ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽ።»